ከሰቀላ እስከ ቆርቆሮ ቤት፦ የአነስተኛ መኖሪያ ቤት ስያሜዎች ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚበቃ፣ ጣራው በግራና በቀኝ የሚያዘቀዝቅ አነስተኛ ቤት በአማርኛ ምን ተብሎ ሲጠራ እንደኖረና ዛሬ ምን ቢባል እንደሚሻል መመርመር ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ እንዲህ ያለው ቤት በከተማም ሆነ በገጠር በየዕለቱ የምናየው ነውና። ይሁን እንጂ ንድፉን የሚያወጣው ባለሙያ፣ ቤቱን የሚያቆመው አናጢና ገንዘቡን የሚከፍለው ባለቤት ስለ አንድ ጣራ ሲነጋገሩ ብንሰማ፣ ሦስቱም በየራሳቸው ቋንቋ እንደሚናገሩ እንረዳለን። ንድፍ አውጪው ከውጭ መጽሐፍ የተማረውን ቃል በፊደላችን ይጽፋል፤ አናጢው ከጌታው የወረሰውን ይናገራል፤ ባለቤቱ ደግሞ ከወላጆቹ ቤት ያወቀውን ያስባል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ አጋጣሚ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ወዳጃችን ለዘመናት ባጠራቀሙት ገንዘብ አነስተኛ ቤት ሊያሠሩ ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ጋር ተዋዋሉ። በውሉ ላይ «ግድግዳና ጣራ ሙሉ በሙሉ» የሚል ቃል ሰፈረ። ሥራው አልቆ ቁልፍ ሲረከቡ ከቤቱ ውስጥ ቀና ቢሉ ቆርቆሮውና እንጨቱ ከነሚስማሩ ይታያሉ። «ልጄ፣ ጣራው የት አለ?» ብለው ጠየቁ። «ጋሼ፣ ጣራው ያውና! እርስዎ የሚሉት ኮርኒስ ነው፤ እሱን አልተዋዋልንም» አላቸው። ነገሩ በሽማግሌ ታየ፤ እኛም «ቃል ያውቃሉ» ተብለን ከሽማግሎቹ ጋር ተቀመጥን። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ጣራ የሚለው ቃል በመምህሩ አነጋገር ከውስጥ ቀና ሲሉ የሚታየውን ሁሉ ይጨምራል፤ በተቋራጩ አነጋገር ግን እንጨቱና ክዳኑ ብቻ ነው። በመጨረሻ ወጪውን እኩል እንዲጋሩ ተፈረደ። ይህም ማለት መምህሩ በአንድ ቃል ምክንያት ያላሰቡትን ገንዘብ ተበድረው ከፈሉ ማለት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የቤት ቃላት ጉዳይ ለእኛ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልታየንም።

፩. ሰቀላ የሚለው ቃል

በሁለት ወገን ለሚያዘቀዝቅ ጣራና እንዲህ ያለ ጣራ ላለው ባለ አራት ማዕዘን ቤት አማርኛ የቆየ ስም አለው፤ ሰቀላ ይባላል። ቃሉ ሰቀለ ካለው ግሥ የወጣ ነው። በግእዝ ሰቀላ ድንኳን ማለት ነው። ምሥጢሩም አይጠፋንም፤ ድንኳን ሲተከል ጨርቁ በአግዳሚ እንጨት ላይ ይሰቀልና በሁለት ወገን ቁልቁል ይወርዳል። ይኸው ቅርጽ ከጨርቅ ወደ ሣርና እንጨት ሲሸጋገር ስሙም አብሮ ተሸጋገረ። ሣሩና ወራጁ ከላይ ከአናት ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደተሰቀለ ድንኳን ይወርዳልና።

ቅርጹም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በላሊበላ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራው ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጣራው በሁለት ወገን ያዘቀዝቃል። ዐለት ፈልፋዮቹ ይህን ቅርጽ ከዐለቱ ያወጡት በእንጨትና በድንጋይ ሲሠራ ያዩት ሕንፃ ስለነበረ መሆን አለበት። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣም ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ሦስት ሰቀላዎች ጎን ለጎን የተያያዙበት ታላቅ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋ ሰቀላ በብዛት የባለጸጋና የመኳንንት ቤት ነበረ። ግብር የሚበላው፣ ፍርድ የሚሰማው በሰቀላ ነው። ገበሬው የሚኖረው በክብ ቤት ሲሆን፣ በትግራይ ደግሞ ጣራው ዝርግ የሆነው የድንጋይ ሕድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሰቀላ የሚለው ስም ቅርጽን ብቻ ሳይሆን ማዕረግንም ይናገር ነበር።

፪. ክቡ ቤት ለምን ክብ ሆነ?

ክብ ቤት ከዕውቀት ማነስ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። ይህ ስሕተት መሆኑን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ዙሪያው 20 ሜትር የሆነ ግድግዳ የሚያቆም ገበሬ ግድግዳውን ክብ ቢያደርገው ወደ 32 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ወለል ያገኛል። ያንኑ 20 ሜትር በአራት ማዕዘን 6 በ4 አድርጎ ቢያቆመው የሚያገኘው ወለል 24 ካሬ ሜትር ነው። እንጨትና ድካም ለሚቆጥር ሰው ክቡ ቤት አትራፊ ነው። በዚህም ላይ ማዕዘን የለውምና ነፋስ አይገፋውም፤ ከምሰሶው ጫፍ በዙሪያው ሁሉ የሚወርዱት ወራጆችም እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ።

ክቡ ቤት የራሱ የሆነ ሙሉ የቃላት ቤተ ሰብ ነበረው። በመካከል የሚቆመው ምሰሶ፣ በዙሪያው የሚተከለው ቋሚ፣ ቋሚውን አግድም የሚያያይዘው ማገር፣ ከላይ ወደ ታች የሚዘረጋው ወራጅ፣ ጣራውን የሚሸከመው ዋልታ፣ ከግድግዳው አልፎ ዝናቡን የሚያርቀው ክፈፍ፣ በአናቱ ላይ የሚደፋው ጉልላት ነው። በውስጡም መደብ፣ ጓዳ፣ ቆጥና ምድጃ አሉ። እያንዳንዱ ቃል አንድ ሥራ ነበረው፤ ሌላውን አይተካም። ቤት ሲሠራ በመጀመሪያ ጣራው ይዋቀራል፣ ቀጥሎ ይማገራል፣ በመጨረሻ ይከደናል። ስለዚህ በቀድሞው አናጢ አነጋገር ጣራና ክዳን ሁለት ነገሮች ነበሩ። ጣራ አጽሙ፣ ክዳን ልብሱ ነው።

፫. የባሕር ዛፍና የቆርቆሮ መምጣት

ይህን ሁሉ የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን እያለቀ የማገዶና የቤት እንጨት ችግር ጸና። በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም የገባው ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀጥ ብሎ አደገ። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነውና። ቀጥ ያለ አጣና በርካሽ መገኘቱ ቀጥ ያለ ግድግዳ ለማቆም አመቸ።

ሁለተኛው ቆርቆሮ ነው። አስቀድሞ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ለጥቂት ታላላቅ ቤቶች ብቻ ይመጣ የነበረው ቆርቆሮ የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ እየረከሰ ሄደ። ቆርቆሮ ደግሞ እንደ ሣር አይደለም። ሣር እንደተፈለገው ይታጠፋል፣ ይቆረጣል፣ በክብ ጣራ ላይ ይተኛል። ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ነው፤ በክብ ጣራ ላይ ለማልበስ እየተሠነጠቀ በሦስት ማዕዘን መቆረጥ አለበት፣ ቁራጩም ይባክናል። በሰቀላ ላይ ግን እንደመጣ ይነጠፋል። ስለዚህ የደሀውን ቤት ክብ ያደረገው የእንጨት ቁጠባ እንደነበረ ሁሉ፣ ሰቀላ ያደረገውም የቆርቆሮ ቁጠባ ነው።

ንድፉን በቁጥር እንየው። ስፋቱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ ቤት 48 ካሬ ሜትር ወለል አለው። አናቱ በርዝመቱ በኩል ቢሄድ እያንዳንዱ ወገን አግድም 3 ሜትር ይሸፍናል። ክዳኑ ሣር ከሆነ ውኃ ሳይሰርግ እንዲንሸራተት ጣራው በጣም ቀጥ ማለት አለበት። አናቱ ከግድግዳው በላይ 3 ሜትር ከፍ ቢል የአንዱ ወራጅ ርዝመት 4 ሜትር ከ24 ሳንቲም ይሆናል፤ የሚከደነውም ስፋት ክፈፉ ሳይቆጠር 68 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ ግን 1 ሜትር ከፍታ ይበቃል። ወራጁ 3 ሜትር ከ16 ሳንቲም፣ የሚከደነው ስፋት 51 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። የእንጨቱም የክዳኑም ወጪ ቀነሰ ማለት ነው።

ነገር ግን ጣራው ዝቅ ሲል ከግድግዳው በላይ የነበረው ባዶ ቦታ ጠፋ። ቆጥ የሚሰቀልበት ስፍራ አልቀረም። ዛሬ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም፤ ቆጥ ያየው ግን ስንቱ ነው? በሌላ በኩል ቆርቆሮ ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሲመታው ሰውን ከሰው አያሰማም። ሣር ክዳን ሳለ ከጣራ በታች ሌላ መጋረጃ አያስፈልግም ነበር። ከቆርቆሮ ወዲህ ግን አስፈለገ። የቻለ በጣውላ፣ ያልቻለ በአቡጀዲ፣ ኋላም በማዳበሪያ ከረጢት ከለለው። ለዚህም አዲስ ነገር ኮርኒስ የሚባል አዲስ ስም መጣ። የወዳጃችን የመምህሩ ክርክር ሥር እዚህ ላይ ነው።

፬. ከቤት የወጡና ወደ ቤት የገቡ ቃላት

ኮርኒስ የጣሊያንኛ ቃል ነው። በዚያ ቋንቋ በግድግዳና በጣራ መጋጠሚያ ላይ ለጌጥ የሚወጣውን ጠርዝ ያመለክታል። ወደ እኛ ሲመጣ ከጠርዙ ወደ መካከል ተስፋፍቶ ሙሉውን የውስጥ መሸፈኛ ያዘ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን፣ ከዚያም በፊትና በኋላ፣ ከጣሊያን ግንበኞችና አናጢዎች ጋር የሠሩ ባለሙያዎቻችን ብዙ ቃላት ተቀብለዋል። ጣውላ፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ብሎኬት፣ ሞራሌ፣ ቱቦ ሁሉም በዚህ መንገድ የገቡ ናቸው። ሚስማር ከዐረብኛ ነው። ሳሎን፣ ቪላና ፕላንም እንዲሁ ከውጭ መጥተው ቤተኛ ሆነዋል።

የእኛን ቃላትስ ምን አገኛቸው? አልሞቱም፤ ከቤት ወጡ እንጂ። ይህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ስለሆነ በምሳሌ እናስረዳ። ጠፈር በግእዝ የቤት ጣራን፣ የውስጡን ከለላና ሰማይን ያመለክታል። ዛሬ ግን ጠፈር የሚኖረው ከምድር ውጭ ነው፤ ወደዚያ የሚጓዘውን ሰው ጠፈርተኛ እንለዋለን። ዋልታ ጣራን የሚሸከም እንጨት ነበረ፤ ዛሬ የምድር ሰሜንና ደቡብ ጫፍ ነው። ጣራ የሚዋቀርበት ግሥ መዋቅርን ወልዶልናል፤ የሰዋስው መምህራን የዓረፍተ ነገር መዋቅር ስንል ከአናጢው የተበደርነውን ቃል እንደምንጠቀም አናስታውስም። ምሰሶ የቤተ ሰብ ኀላፊ ሆነ። ማገር ከዋልታ ጋር ተጣምሮ የድጋፍ ምሳሌ ሆነ። ጎጆም ቢሆን በኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ለሚጋቡ ሙሽሮች «ጎጆ ወጡ» እንድንል ያገለግለናል።

ይህ የቋንቋ ሀብት እንጂ ጉድለት አይደለም። ነገር ግን ቃሉ ወደ ሰማይና ወደ ምሳሌ ሲወጣ የቤቱ አካል ያለ ስም ቀረ። የቀረውንም ባዶ ቦታ የውጭ ቃል ሞላው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆቻችን የሠሩትም በዚሁ የለውጥ ዘመን ነው። ኢዘንበርግ በ1841፣ ዳባዲ በ1881፣ ጉይዲ በ1901 እ.ኤ.አ. መዝገቦቻቸውን ሲያሳትሙ ክቡ ቤት ገና ሕያው ነበረ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገብ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት በ1948፣ የተሰማ ሀብተ ሚካኤል ከሣቴ ብርሃን በ1951፣ የደስታ የራሳቸው ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲወጡ ግን በከተማ ቆርቆሮ ነግሦ ነበር። ስለዚህ ቃላቱን ከነነገሩ የሚያውቅ የመጨረሻው ትውልድ የጻፈልንን ይዘን እንገኛለን።

፭. ሰቀላ ሲበዛ ሰቀላ መባሉ ለምን ቀረ?

አንድ ጥያቄ ይቀራል። የመኳንንቱ የቤት ቅርጽ ወደ ሕዝቡ ሲወርድ ስሙ አብሮ ለምን አልወረደም? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ሰው ቤቱን የሚሰይምበት ሚዛን በየዘመኑ መለወጡ ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ቤት የሚጠራው በቅርጹ ነበር፤ ጎጆ፣ ሰቀላ፣ ሕድሞ ይባል ነበር። ቆርቆሮ ሲመጣ ሚዛኑ ወደ ክዳኑ ዞረ። «ሣር ቤት ነው ቆርቆሮ ቤት?» ተብሎ ተጠየቀ። በገጠርም ባለ ቆርቆሮ መባል የሀብት ምልክት ሆነ። ሰቀላነቱ በክዳኑ ውስጥ ተደበቀ፤ ቆርቆሮ ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል ሰቀላ ስለነበረ ቅርጹን ለይቶ መጥራት አላስፈለገም። ሁሉም የያዘው ነገር ስም አይሻምና።

ቀጥሎ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። ዐዋጁ አንድ ቤተ ሰብ በከተማ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከዚህ በኋላ ሚዛኑ ባለቤትነት ሆነ። የቀበሌ ቤት፣ የኪራይ ቤት፣ የግል ቤት፣ የማኅበር ቤት የሚሉት ስሞች ተስፋፉ። አነስተኛ የቤተ ሰብ ቤት መሥራትም ከምንጊዜውም ይልቅ የብዙኀኑ ጉዳይ ሆነ። በመጨረሻም ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሲበዙ ሚዛኑ የመኝታ ቤት ቁጥር ሆነ፤ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ ባለ ሁለት መኝታ እየተባለ ቀጠለ። እዚህ ላይ ለነዋሪው ጣራ የሚባለው ነገር ራሱ የጎረቤት ወለል ሆኗል።

ቅርጽ፣ ክዳን፣ ባለቤትነት፣ የክፍል ቁጥር፤ በመቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ አራት ሚዛን ማለት ነው። የስያሜውን ታሪክ ያየ ሰው የኅብረተ ሰቡን ታሪክ በአጭሩ ያየዋል።

፮. የስያሜ ሐሳብ

ከዚህ በላይ ከተባለው ተነሥተን ለንድፍ፣ ለትምህርትና በተለይም ለውል ጽሑፍ የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ሰቀላ የሚለው ቃል በሁለት ወገን ለሚያዘቀዝቅ ጣራና እንዲህ ያለ ጣራ ላለው ቤት ይመለስ። አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ ሽማግሌ አናጢዎች ዛሬም ይሉታል። ለጣራው ለእያንዳንዱ ወገን ክንፍ፣ ሁለቱ ክንፎች ለሚገናኙበት አናት፣ በቤቱ ጫፍና ጫፍ ከክንፎቹ ሥር ለሚቀረው ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ የሰቀላው ግንባር ቢባል ቃላቱ ለማንም ግልጽ ናቸው። ክፈፍ፣ ወራጅ፣ ማገርና አሸንዳ በቦታቸው ይጽኑ።

ጣራ ለእንጨቱ ወይም ለብረቱ አጽም፣ ክዳን ለላይኛው ልብስ ይወሰን። አጽሙን በሦስት ማዕዘን አገጣጥመው በየርቀቱ የሚያቆሙትን ክፍል አንዳንድ ባለሙያዎች የእንግሊዝኛውን ስም በፊደላችን ጽፈው ትራስ ይሉታል። ይህ ግን አንባቢውን በአልጋ ላይ ያለውን ትራስ ያሳስበዋል፤ ጣራውን ትራስ ላይ ከማስተኛት የጣራ ውቅር ማለት ይሻላል።

ኮርኒስን በተመለከተ ከአንዳንድ ባልደረቦቻችን የምንለይበት ሐሳብ አለን። እነርሱ ጠፈር ወደ ቤት ይመለስ ይላሉ። ምኞቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም የሚሳካ አይመስለንም። ጠፈር ከፍ ብሎ ሄዷል፤ ሰባና ሰማንያ ዓመት በአናጢውና በባለቤቱ አፍ የኖረውን ኮርኒስን ነቅሎ በእርሱ መተካት አዲስ መደናገር ይፈጥራል። ቃል የሚመዘነው በዘሩ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎቱም ነው። ኮርኒስ ይኑር፤ ግን በውል ላይ ከጣራና ከክዳን ተለይቶ በስሙ ይጻፍ።

ይህ ሐሳብ የመጨረሻ አይደለም። ቃላት የሚጸኑት በጉባኤ ውሳኔ ሳይሆን በሠራተኛው አፍ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ አንባቢዎቻችን በየአካባቢያቸው ያሉትን አናጢዎችና ግንበኞች እየጠየቁ የአናትን፣ የግንባርንና የውቅርን ስም እንዲልኩልን እንለምናለን። በተለይ ክብ ቤት የሠሩ እጆች ከእኛ ጋር ሳሉ መጠየቅ ይገባል። ወዳጃችን መምህሩ ዛሬ በዚያች 48 ካሬ ሜትር ቤት ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት ስንጠይቃቸው ዝናቡ በክዳኑ ላይ ሲወርድ በጸጥታ ይሰማ ነበር፤ ወደ ኮርኒሱ እያመለከቱ «ይህን ቃል በመዝገባችሁ በትልቁ ጻፉልኝ፤ ዋጋውን እኔ ከፍያለሁ» አሉን።